ያላፈሰስኩት እንስራ ውኃ

ሰው ቤት ስጠራ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው መሬቱ ላይ ነው። ስንጥቅ ካየሁ ሳላጎነብስ አላልፍም። ልጆቼ ይህን ስለሚያውቁ በር ላይ ስንደርስ «እማዬ፣ ዛሬ እንኳ ቀና ብለሽ ግቢ» ይሉኛል። የልጅ ልጄ የተዳረች ዕለት የአዳራሹን የመኪና ማቆሚያ በእጄ ጀርባ ስዳብስ የሙሽራው ዘመዶች አዩኝና ጉትቻ የጠፋብኝ መስሏቸው አምስት ስድስት ሆነው አብረውኝ አጎነበሱ። ምንም አልጠፋብኝም ብል ማን ይስማኝ። አንዱማ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቁልፍ አግኝቶ አመጣልኝ።

የምዳብሰው ያገኘሁትን ነገር ነው። እንዴት እንዳገኘሁት ላጫውታችሁ። ወሬ ማሳጠር ስለማይሆንልኝ አረፍ ብላችሁ አንብቡኝ።

ጣሊያን ከወጣ ዐሥር ዓመት አልፎታል፤ ጃንሆይ በዙፋናቸው ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ተድሬ፣ ከባሌ ጋር ሳንስማማ ቀርተን፣ ጎንደር ካለችው አክስቴ ዘንድ ከተጠጋሁ ሦስተኛ ወር ሆኖኝ ነበር። ፊደል እንኳ ገና አልቆጠርኩም፤ እሱን የለቀምኩት ኋላ ነው፣ ከየሱቁ በር በላይ ከተጻፈው።

በግንቦት ወር መጨረሻ በአንዱ ቅዳሜ ታላቅ ወንድሜ ጥላሁን ለገበያ ወርዶ አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ስንዱ» አለኝ፣ «ድብ ባሕር አንድ ሸጋ ሰው አለ። አራት ጥማድ በሬ አለው።»

«የማገባው በሬዎቹን ነው?»

«ሚስቱ ሞታበታለች። ልጆቹም አድገውለታል።»

«ከእኔ ይበልጣሉ?»

«በጥቂቱ» አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

ወንድሜ ክፉ ሰው አልነበረም። አባታችን ከሞተ ወዲህ የእኔ ነገር እሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ እህቱ ሥራ ፈትታ ሰው ቤት ተጠግታለች መባሉ ያሳፍረዋል። አክስቴ ትንሽ ስትቆጣው እንዲህ ብሎ ቆረጠ፦ «አልጎትታትም። የዛሬ ሳምንት ስመጣ ሥራ ይዛ ካገኘኋት ትቀመጥ። ሥራ ካልያዘች ግን ጓዟን ጠቅልላ በአውቶብሱ አብረን እንመለሳለን።»

እንግዲህ አንድ ሳምንት አለኝ ማለት ነው። እሑድ በሰላም አለፈ። ሰኞ ጠዋት ከአዲስ ዓለም ሰፈር በታች ሐጂ ኑርሑሴን ግቢ ውኃ ቀጂ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁና የአክስቴን እንስራ አዝዬ ሄድኩ።

ሐጂ የታወቁ ነጋዴ ናቸው። ግቢያቸው ሰፊ ሆኖ ዙሪያውን ሱቅ ነው፤ መሀሉ ላይ ካሚዮኖችና አውቶብሶች ይቆማሉ። መሬቱን አስፋልት ያለበሰው ጣሊያን ነበር። አስፋልት ደግሞ እንደ ሰው ተረከዝ ነው፤ ካልቀቡት ይነቃል። ክረምት ሲመጣ በንቃቱ ውኃ ይገባና ከሥር ይፈነቅለዋል። አምና የሐጂ ሱቆች በር ላይ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሶ ነበር። ዘንድሮ ሐጂ ቆረጡና ግቢውን ካትራሜ ሊያስቀቡ ተነሡ። ካትራሜ ያ ጥቁሩ ቅጥራን ነው፤ ሲያፈሉት እንደ ማር ይሳባል፣ ሲበርድ ቆዳ ሆኖ መሬቱን ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ወዲያ ውኃ አያልፍበትም።

ለዚህ የቀጠሩት አያ ታደገን ነው። አያ ታደገ የጎንደር ልጅ ነው፤ ነገር ግን በጣሊያን ጊዜ ምጽዋ ወርዶ፣ ወደቡ አጠገብ የካሚዮን ማቆሚያ ሲቀባ ብዙ ዓመት ኖሮ ተመልሷል። ሰውነቱ ከተመለሰ ቆይቷል፤ አፉ ግን ገና ምጽዋ ነው። ዳቦ ሲበላ የምጽዋን ዳቦ፣ ዝንብ ሲያባርር የምጽዋን ዝንብ ያነሣል። ሰዉም አያ ምጽዋ ይለዋል።

«ከቀሐ ወንዝ እዚህ ድረስ በቀን ስንት እንስራ ታመጫለሽ?» አለኝ።

«ቀሐ ከመድረቁ በፊት ነው ከደረቀ በኋላ?»

ሳቀ። «ምጽዋ ብትሆኚ ይኸ ምላስሽ በሙቀት ይታጠፍልሽ ነበር» አለና ቀጠረኝ። እንግዲህ ሥራ አገኘሁ። ግቢው እስኪያልቅ ውኃ መቅዳት ነው። ቅዳሜ ወንድሜ ሲመጣ እንስራ አዝዬ ያገኘኛል፤ የድብ ባሕሩም ሰው ከበሬዎቹ ጋር ደህና ይክረም።

አያ ታደገ ግቢውን በኖራ መስመር ከፋፈለና ሁለት ሠራተኞቹን ሰብስቦ አሠራሩን አስረዳ።

«መጀመሪያ ጨዉ ይታጠባል። የባሕሩ ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣና መሬቱ ላይ እንደ ዱቄት ይነሰንሰዋል። ጨው ላይ ካትራሜ አይዝም። ስለዚህ ማታ ማታ ጨው በሌለው ጣፋጭ ውኃ ታጥቡታላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ትቀባላችሁ። ፀሐይ ከወጣች ካትራሜውም ቀቢውም አብረው ይቀልጣሉ።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ደምሌ የሚባል ቀልደኛ ነበር። «አያ ታደገ፣ እዚህ እኮ ጨው የለም» አለ። «ቢኖርማ ጎንደሬ እስከ ዛሬ ልሶ በጨረሰው።»

«አንተ በርሜልህን አማስል።»

ሁላችንም ሳቅን። ደምሌ የተናገረው እውነት መሆኑን ግን ማንም ልብ አላለም፤ ደምሌ ራሱ እንኳ።

ሰኞ ወደ ማታ ዐሥራ ሁለት እንስራ አፍስሼ የመጀመሪያው ክፍል ታጠበ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ቀቡት። ሲነጋ ሐጂ ወጥተው ሲያዩት መሬቱ እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጫል። ያን ቀን በገመድ ታጥሮ ዋለ። ረቡዕ ጠዋት ገመዱ ተፈታና ወደ ትክል ድንጋይ የሚሄድ አንድ ካሚዮን በላዩ አለፈ።

ያለፈውስ ብቻውን አይደለም። ካትራሜው ከጎማው ጋር ተነሣ። አንድ ክንድ ስፋት ያለው ጥቁር ቁራጭ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ጎማው ላይ ይዞር ጀመር። ሾፌሩ ምኑንም አላየ፤ ጥሩምባውን ነፍቶ በበር ወጣ።

«ኧረ ሾፌር፣ የሐጂን ግቢ ይዘህ የት ነው?» እያለ ደምሌ እስከ መንገዱ ሮጠ። የሱቅ ሰዎች በር በር ላይ ወጥተው ሳቁ። አያ ታደገ ብቻ አልሳቀም። ተንበርክኮ የተላጠውን ነካ፣ ጣቱን ወደ አፉ አስጠግቶ ቀመሰ።

«ጨው ነው» አለ።

«ጨው ጨው አለህ?» አለው ደምሌ።

«የጎንደር ጨው አይቀመስም፣ አይታይም። ክፋቱ እሱ ነው። በደንብ አልታጠበም ማለት ነው። ስንዱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ውኃው እጥፍ ይሁን።»

አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ውኃው እጥፍ ከሆነ የእኔም ነገር እጥፍ ጸና። ረቡዕ ማታ ሁለተኛውን ክፍል በሃያ አራት እንስራ አጠብኩት። ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር። ክፍሉ መሀል ላይ ሞተሩ የሞተ አሮጌ ካሚዮን ቆሞ ነበር፤ ከሥሩ ገብቼ ላፍስስ ይሆን ብዬ አሰብኩና፣ እግዜር ይይልኝ፣ ሰነፍኩ። ዙሪያውን አፍስሼ ተውኩት። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ካሚዮኑን ገፍተው አነሡና ያንንም አብረው ቀቡት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ረጅም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው እየቀነሰ ይሄዳል። የከዘራቸውን ጫፍ ካትራሜው ጠርዝ ሥር ሻጥ አድርገው ቀና ሲያደርጉት፣ እንደ ወተት ስልባቦት ተነሣ።

«ታደገ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ካትራሜ ነው፣ ሐጂ።»

«እሱንስ አየሁት። መሬቱ ምነው አልወደደው?»

ሐጂ ድምፃቸውን ሌላ እርከን ቀነሱ። «ሰኔ ደረሰ። እኔም ሱቆቼም ዋና አንችልም። ነገ ሦስተኛውን ክፍል ቅባ። ቅዳሜ ጠዋት እህል የጫነ ካሚዮን አሳልፍበታለሁ። ከያዘ ግቢው በሙሉ ያንተ ሥራ ነው። ካልያዘ በርሜልህን አንሥተህ ወደ ምጽዋህ።»

ቅዳሜ አሉ። የእኔም ቅዳሜ ያችው ቅዳሜ ናት።

ሐጂ ከሄዱ በኋላ ደምሌ የተላጠውን ሲሰበስብ እኔም አገዝኩት። በእጃችን ስንጎትተው ይመጣል፣ ይመጣል፤ መሀል ላይ ስንደርስ እምቢ አለ። ደምሌ ወዲያ ማዶ ሄዶ ሞከረው፤ እዚያም እስከ መሀል መጥቶ እምቢ አለ። ሲያልቅ አንድ ነገር መሬት ላይ ቀረ፦ ረዘም ያለ፣ ጥቁር፣ አራት ማዕዘን። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ጥፍሬ ተሰበረ።

አወቅሁት። የአሮጌው ካሚዮን ቅርጽ ነው። ውኃ ያልነካው እዚያ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ነው፤ ስንፍናዬ ሊታወቅ ነው ብዬ በእግሬ ቆሜበት ሸፈንኩት። ቀጥሎ አባቴ መጣብኝ። አባቴ በየዓመቱ አውድማ ሲለቀልቅ፣ እኔ እበት አቀባይ ነበርኩ። ጠዋት ልጀምር ስል እጄን ይይዘኛል፤ «መሬቱ ጠሉን ሳይለቅ ልቅልቅ አይቀበልም፣ ይላጣል» ይለኛል። እስከ ቀትር ያስቀምጠኛል። እበት እንኳ እንዲህ ካለ ቅባት የሆነ ካትራሜ ምን ሊል ነው? የታጠበ ራስ ሳይደርቅ ቅቤ ይዞ ያውቃል? ምጽዋ በእሳት ምድር ማታ ያጠቡት ከመቅጽበት ይደርቅ ይሆናል። በጎንደር ብርድ ግን ማታ ያፈሰስኩት ጠዋት ስንጥቁ ውስጥ ተኝቶ ያድራል፤ በላዩም የጎህ ጠል አለ።

ካትራሜውን የሚልጠው እንስራዬ ነበር።

«ስንዱ» አለ አያ ታደገ፣ «ምን ቆመሻል? ዛሬ ሦስት እጥፍ ነው።»

እንስራዬን አዝዬ ወደ ቀሐ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ዝም ብል ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ሲመጣ ሥራ ላይ ነኝ፤ ካሚዮኑ የሚያልፈው፣ ካትራሜው የሚላጠው ከዚያ በኋላ ቢሆንስ? ወንድሜ አይቶኝ ከሄደ ወዲያ ሌላ እፈልጋለሁ። ብናገር ግን ውኃ አያስፈልግም ማለት ነው፤ ውኃ ካላስፈለገ ውኃ ቀጂ ምን ትሠራለች? በገዛ አፌ ራሴን አሰናብቼ ድብ ባሕር ልገባ ነው። ሞላሁት። አዘልኩት። ዳገቱን ስወጣ ውኃው ከኋላዬ ሲንቦጫቦጭ የአባቴ ድምፅ ይመስለኝ ነበር፤ እሱም ነገር ሲይዘው እንዲሁ አያቆምም።

ግቢው መሀል ደርሼ እንስራውን አወረድኩና አቆምኩት።

«አፍስሺው እንጂ» አለ አያ ታደገ።

«አላፈስም፣ አያ ታደገ።»

«ምነው? ደከመሽ?»

«ካትራሜውን የሚልጠው ውኃው ነው።»

በርሜሉ ጋ ያሉት ማማሰላቸውን አቆሙ። አያ ታደገ ፈገግ አለ፤ ሰው ሕፃን ሲያናግር የሚለውን ዓይነት። «አንቺ ልጅ፣ እኔ በዚህ ሥራ ጠጉሬን አሸብቻለሁ። አንቺ የት ቀብተሽ ታውቂያለሽ?»

«አውድማ።»

ሁለቱ ሠራተኞች ፈነዱ። እኔ ግን ከጀመርኩ ወዲያ መመለሻ አልነበረኝም። ያላጠብኩትን አሳየሁት፤ ከካሚዮኑ ሥር ሰንፌ እንደተውኩም ተናዘዝኩ። ቢላውን አወጣና ጎንበስ ብሎ ፋቀው። አልተነሣም። ሌላ ቦታ ፋቀው፤ አልተነሣም። ደምሌና ጓደኛው ሳቃቸው ቀረ። አያ ታደገ ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ነው።

«ውኃ ካላፈሰስሽ ለምን ቀጠርኩሽ?»

«እሱን እኔም መንገድ ለመንገድ ሳስብበት ነው የመጣሁ።»

«በይ እንግዲያ። ውኃ የማያስፈልግ ከሆነ አንቺም አታስፈልጊም። እንስራሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ሙሉውን እንስራ መልሼ አዘልኩት። ደጅ ወጥቼ ያገኘኋት ዛፍ ሥር ደፋሁት። ያቺ ዛፍ ዘንድሮ ተጠቀመች ብዬ ለራሴ ሳቅሁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን አለቀስኩ።

ዓርብ ጠዋት ጓዜን ጠቀለልኩ። ሁለት ቀሚስና አንድ ነጠላ ስለነበር ብዙ አልፈጀም። አክስቴ «ዝም ብትዪ ምን ነበረበት» አለችኝ። ወደ ቀትር ላይ የእንስራ ማዘያ ገመዴን ግቢው ውስጥ መርሳቴ ትዝ አለኝ። ሆን ብዬ ረስቼው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሄድኩ።

ሦስተኛው ክፍል አልተቀባም። በርሜሉ ሥር እሳት አለ፣ ካትራሜው ይፈላል፣ መሬቱ በደንብ ተጠርጓል፤ ጠብታ ውኃ ግን አልነካውም። ሠራተኞቹ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አያ ታደገ በርሜል ላይ ተቀምጦ ፀሐዩን ይሞቃል።

«ገመድሽ እዚያ ነው» አለኝ፣ ሳያየኝ።

አነሣሁት። ልወጣ ስል ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባትሽ አውድማውን መቼ ነበር የሚለቀልቀው?»

«ከቀትር በኋላ። መሬቱ የእጅን ጀርባ ሲያሞቅ።»

«ምነው በመዳፉ አይሞክርም?»

«መዳፍ በሥራ ደንዝዟል ይል ነበር። ጀርባው አይዋሽም።»

አያ ታደገ መዳፉን ገልብጦ አየው። ካትራሜ ያጠቆረው፣ እንደ ጫማ ሶል የደረቀ መዳፍ ነው። «እንግዲያው ጀርባሽን አሳርፊው» አለኝ።

ገመዴን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ተንበረከክሁ። ላዩ ሞቋል። ጣቴን ስንጥቁ ውስጥ ሰደድኩ፤ ውስጡ ገና ይበርዳል።

«ገና ነው» አልኩ።

ተቀመጥን። ሐጂ ከሱቃቸው ወጥተው መጡ። «ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ስንዱን ነው፣ ሐጂ» አለ ደምሌ።

«ውኃ ቀጂዋን?»

«ዛሬስ ውኃ አትቀዳም። ውኃ አባራሪ ሆናለች።»

ሐጂ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ አያ ታደገ አዩ፤ ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። ከአንገረብ ወንዝ ማዶ ደመና ተነሥቷል። «እኛ መሬቱን ስንጠብቅ ሰማዩ እኛን አይጠብቅም» አሉ። የግንቦት ዝናብ ታውቁት የለ? ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ ዱብ ይላል። ከመቀባታችን በፊት ከዘነበ መሬቱ ለቅዳሜ አይደርቅም። ሳይደርቅ ብንቀባውም ይላጣል።

ዳበስኩ። «ገና ነው።»

ደመናው ወፈረ። አያ ታደገ ተነሣ፣ ተቀመጠ። «ስንዱ፣ ደመናው።»

«ስንጥቁ ይቀረዋል።»

«ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ፤ ከዚህ ካባረሩኝ ሌላ ግቢ አይሰጠኝም።»

«ገና ነው፣ አያ ታደገ።»

ተሳስቼ ከሆነ የሰው እንጀራ ይዤ መጥፋቴ ነው። ጣቴን ስንጥቅ ውስጥ እንደሰደድኩ ቆየሁ። ቀስ እያለ፣ ልክ ከብርድ የገባ ሰው እጅ ምድጃ አጠገብ እንደሚሞቀው፣ ውስጡም ሞቀ።

«አሁን» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። አያ ታደገ መጥረጊያውን ሲይዝ ያ የወሬ ሰውዬ ጠፋ። ደምሌ ያፈስሳል፣ እሱ ይስባል፤ አንድ ጊዜም ሳያነሣ፣ እጁ እየሄደ ወገቡ እየተከተለ፣ ጥቁሩ ከመሬቱ ላይ እንደ ጥላ ይዘረጋል። ስስ ነው፤ ውፍረቱ ሁሉ እኩል። ደመናው ሲቀርብ ሁለተኛ መጥረጊያ ወረወረልኝ። «አታንሺው። ከጀመርሽ እስከ ጠርዙ ሳቢው። ካነሣሽው ጠባሳ ይተዋል።» ሳብኩ። የመጀመሪያው መስመሬ እንደ ሰካራም መንገድ ነበር፤ አራተኛው ቀና። አንድ ጊዜ ወዲህ፣ ሁለተኛውን ወዲያ አቋርጠን ቀባነው። ከሱቆቹ በር ላይ «ሴቲቱን እዩ» ሲሉ ይሰማኛል፤ ላፍር ጊዜ አልነበረኝም።

የመጨረሻውን ስንስብ ጠብታ ጀመረ። ሁላችንም መጥረጊያችንን እንደያዝን ደረቅን። ጠብታው ካትራሜው ላይ ወደቀ፤ አልሰረገም። ክብ ሆኖ እንደ ጨሌ ተንከባለለ። ሌላ ጠብታ፤ እሱም ተንከባለለ። ጥቂት አካፋና ደመናው ወደ ቆላው ዞሮ ሄደ።

«ምጽዋ ብትሆን...» ብሎ ጀመረ አያ ታደገ። ሁላችንም አየነው። «ተዉት» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ጠርዝ ላይ አንድ የቀረ ስንጥቅ አግኝቼ፣ እጄ እስከ ክርን ጠቁሮ እየደፈንኩ ሳለ፣ በበር በኩል ወንድሜ ጥላሁን ብቅ አለ። አዲስ ጋቢ ለብሷል፣ ከጎማ የተሠራ በረባሶ ተጫምቷል፤ ጓዜን ከአክስቴ ተቀብሎ በብብቱ ይዞታል። እኔን አላወቀኝም። ያወቀኝ ስስቅ ነው፣ በጥርሴ።

ያኔውኑ ሐጂ እጃቸውን አነሡ። ጤፍ እስከ አፉ የጫነ ካሚዮን እያቃሰተ ወደ ሦስተኛው ክፍል መጣ። አያ ታደገ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ አላዞርኩም። የፊት ጎማው ወጣበት። የኋላው ወጣበት። ካሚዮኑ መሀል ላይ ሲደርስ ሐጂ «ቁም» አሉ፤ ቆመ። «ተመለስ» አሉ፤ ተመለሰ። ጎማው ንጹሕ ነው። መሬቱ እንደነበረ ነው። ሐጂ ቀርበው በከዘራቸው ጫፍ ሞከሩት። የተነሣ ነገር የለም።

«ዛሬስ መሬቱ ወደደው» አሉ፣ በደህና ድምፃቸው። «ሌላውም እንዲሁ ይሁን።»

ወንድሜ ይህን ሁሉ በር ላይ ቆሞ አይቷል። «ስንዱ፣ ሥራ ይዘሻል?» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ውኃ ቀጂ ነበርኩ» አልኩት። «ሐሙስ ተሰናበትኩ። አሁን ውኃ አያስፈልግም።»

«እንግዲያው አውቶብሱ ሳይሞላ እንሂድ» አለና ክንዴን ሊይዝ ወደ እኔ ተራመደ። በቀኝ እግሩ የረገጠው ያንኑ አሁን የደፈንኩትን ስንጥቅ ነው። ሊያነሣ ሲል እግሩ መጣ፣ በረባሶው ቀረ። በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ጋቢውን በአንድ እጁ፣ ጓዜን በሌላው ይዞ ሲወዛወዝ ደምሌ ሮጦ ደገፈው። «አይዞህ ወንድሜ፣ ከያዘ አይለቅም፤ ሁላችንም የለፋነው ለዚሁ ነው» አለው።

አያ ታደገ ከግድግዳው ዞሮ መጣ።

«ወንድም፣ ልጅቷ ውኃ ቀጂ አይደለችም። የምጽዋን መሬት እኔ አውቃለሁ። የዚህን የምታውቀው እሷ ናት። ሰኞ እፈልጋታለሁ።»

«ሴት ልጅ ካትራሜ ስትቀባ የት ታይቷል?» አለ ወንድሜ።

«እዚሁ። የቆምክበት ነው።»

ወንድሜ ወደ ታች አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ጥቁር ክንዴን፣ አንገቴ ላይ ያለውን ገመድ። ጓዜን አስረከበኝ። ደምሌ በረባሶውን በአካፋ ፈልቅቆ ሰጠው። ወንድሜ በር ላይ ሲደርስ ዞረ። «ለሰውየው ምን ልበለው?»

«አራቱን ጥማድ ሰላም በልልኝ» አልኩት። ሳቀ። ወንድሜ ሲስቅ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ከአያ ታደገ ጋር እስኪያርፍ ድረስ ሠራሁ። ኋላም ሠራተኛ ይዤ ራሴ ሠራሁ፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በመጥረጊያ ነው። እሱ ያን ሳምንት ለሰው ሲያወራ መጀመሪያ «ስንዱ ነገረችኝ» ይል ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ «እኔና ስንዱ ደረስንበት» ሆነ፤ በመጨረሻው «ያን ጊዜ ገና እኔ እንዳየሁት» ሆኖ ቀረ። አላረምኩትም። «ገና ነው» ባልኩ ጊዜ ያ ሽማግሌ እንጀራውን በእጄ ጀርባ ላይ አስቀምጦ ጠብቆኛል፤ ወሬው ይቅርለት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምክር የምሰጥ ሴት አይደለሁም። ግን አንዳንዴ ሥራዬ ያላችሁትን ነገር አዝላችሁ ዳገት ስትወጡ ከኋላችሁ ሲንቦጫቦጭ ከሰማችሁ፣ አውርዳችሁ እዩት። እኔን ጎንደር ያቆየኝ ያፈሰስኩት ሠላሳ ስድስት እንስራ ሳይሆን ያላፈሰስኩት አንዱ ነው። በሰዓቱ ግን እንዲህ አልመሰለኝም፤ አልቅሻለሁ ብያችኋለሁ።

የሐጂን ግቢ ከዚያ ወዲህ ደጋግመን ቀብተነዋል። ቀቢዎቹ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ሐጂ በሕይወት ሳሉ በከዘራቸው ያሳዩ ነበር፦ «ያችን ተዉአት።» የወንድሜ በረባሶ አሻራ ናት፤ የጎማው መስመር ሳይቀር ይታያል። ስሄድ ሁልጊዜ ጎንበስ ብዬ እነካታለሁ። የፊት ጫፏ ወደ ውስጥ ነው፣ እኔ ወደነበርኩበት። ሊወስደኝ የመጣ አንድ እግር እዚያ አለ፤ ይዞኝ የወጣ እግር የለም።